ከፊት ወንበር የመጣው መልስ

የረመዳን ጾም ከገባ ሁለተኛው ሳምንት ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የድሬዳዋ ፀሐይ ገና ሳትበርድ፣ መጋላ ውስጥ አንድ አዛውንት በድንገት አንደበታቸው እንደተሳሰረና ቀኝ እጃቸው እንደዛለ ተነግሮን፣ እኔ የአምቡላንስ ሕክምና ባለሙያው (ፓራሜዲኩ) ከሹፌሩ ጋር ሆነን አምቡላንሱን አስነሣን፤ የደቻቱን ድልድይም ከከዚራ ወደ ማዶ ተሻገርን።

ቤታቸው ስንደርስ ያየሁት ሁሉ ስትሮክ ነው የሚለውን ግምቴን የሚያጠናክር ነበር። ቀኝ እጃቸውን ሳነሣው ተመልሶ ይወድቃል፤ የሚናገሩትም አይለይም። በአንጎል ውስጥ የረጋን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ እንደሆነ ስለተማርኩ፣ አማርኛ ለሚችለው የልጅ ልጃቸው ያቀረብኩት ጥያቄ «መቼ ጀመራቸው?» የሚል ብቻ ነበር። ባለቤታቸው በኦሮምኛ ደጋግመው የሚነግሩኝ ነገር ነበር። እኔ ግን ቋንቋውን ስለማልችል የጭንቀት ንግግር አድርጌ ቆጠርኩትና አለፍኩት። ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው።

ባለቤታቸው ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ገና ድልድዩን ሳንሻገር ሹፌሩ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ኋላ ተጣራ፦ «የሚሉትን ሰምተሃል? ሰውየው የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ሌሊት ሱሁር ሳይበሉ ኪኒናቸውን ብቻ ውጠው ነው የጾሙት።»

የስኳር መለኪያው ከእግሬ ሥር ካለው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ስለካቸው 34 አነበብኩ፤ ከ70 በታች ዝቅተኛ ነው። አንጎል ኃይሉን በዋነኝነት የሚያገኘው በደም ውስጥ ካለው ስኳር በመሆኑ፣ ስኳሩ ይህን ያህል ሲወርድ ግማሽ አካልን እስከማዛል ደርሶ ስትሮክን ሊመስል ይችላል። ስትሮክ ከማለት በፊት ስኳር መለካት እንደሚገባ አውቅ ነበር፤ ጥድፊያው አስረሳኝ። 40 በመቶ ግሉኮስ በደም ሥራቸው ቀስ አድርጌ ስሰጣቸው፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ቀኝ እጃቸው የአልጋውን ብረት ጨበጠ፤ ወዴት እንደምንወስዳቸውም ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ የገጠመኝ ከመርፌው ይልቅ ከባድ ነበር። አዛውንቱ ድኛለሁና መልሱኝ አሉ። ባለቤታቸው ከጉያቸው አውጥተው ያሳዩኝ ኪኒን ግሊቤንክላሚድ ነበር። ይህ መድኃኒት ቆሽት ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የሚያደርግ ሲሆን፣ ኃይሉ እስከ አንድ ሙሉ ቀን ሊዘልቅ ስለሚችል የሰጠሁት ስኳር ሲያልቅ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። «አባባ፣ ኪኒኑ ገና ሥራውን አልጨረሰም፤ ሌሊት ራስዎን ቢስቱ ማን ያውቃል?» አልኳቸው፤ ሹፌሩም አስተረጎመልኝ። ዝም ብለው ቆዩና የምሽቱን ሶላት፣ መግሪብን፣ የት እንደሚሰግዱ ጠየቁ። «ወደ መካ የሚዞሩበት ቂብላ እዚያም ያው ነው» ያሏቸው ባለቤታቸው ናቸው። በዚህ ተስማሙ።

በአገራችን አምቡላንስ ለረጅም ጊዜ በይበልጥ የሚታወቀው ምጥ የያዛትን እናት ጤና ተቋም በማድረስ ነው። ፓራሜዲክ ግን መርምሮ የሚወስን፣ በመንገድ ላይ የሚያክም ባለሙያ እየሆነ መጥቷል፤ በእንግሊዝ፣ በካናዳና በአውስትራሊያ በሽተኛውን ቤቱ አክሞ እስከ መተውና የቆየ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እየዞረ እስከ መከታተል ደርሷል። ኃላፊነቱ እንዲህ በሰፋ ቁጥር መሣሪያው ብቻውን አይበቃም። አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ግቢ በሚነገርበት በዚህ ከተማ፣ ምርመራው የሚጀምረው ከቤተሰቡ አንደበት ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆስፒታል ከገቡ ከሁለት ሰዓት በኋላ ስኳራቸው እንደገና 52 ደረሰ፤ ያን ጊዜ ግን ከጎናቸው ነርስ ነበረች፣ ግሉኮሱም እየተንጠባጠበላቸው ነበር። እኔም በማስረከቢያው ወረቀት ላይ የመድኃኒቱን ስምና የተዋጠበትን ሰዓት ከሁሉ አስቀድሜ ጽፌ ነበር።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሹፌሩ መኪናውን አቁሞ ከእኔ ጋር ቤት ይገባል። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት የመጀመሪያው የኦሮምኛ ጥያቄ «ማል ኛተን?» የሚል ነው፤ ምን በሉ ማለት ነው።