ኮሽ ሲል

ዛሬም ዝናቡ አላስጫወተኝም። የጅማ ክረምት እንዲህ ነው። ማታ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እንኳን የጌም ድምፅ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን የምናወራውም አይሰማም። እኔ ደግሞ ሰሞኑን የያዝኩት ጌም ያለ ጆሮ የማይሞከር ነው።

«ቲፍ» ይባላል፤ ሌባ ማለት ነው። ሉኪንግ ግላስ የሚባል የአሜሪካ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ነው። እኔ ያገኘሁት በዓመቱ ሦስት ተልእኮ ተጨምሮበት የወጣውን «ቲፍ ጎልድ»ን ነው። ጌሙ ስላረጀ የእኔም አሮጌ ላፕቶፕ ይችለዋል። የሰዎቹ ፊት ሸካራ ነው፤ እጃቸው እንደ እንጨት ድርቅ ያለ። ሁለት ቀን ዓይኔን ከበደኝ፣ ከዚያ ረሳሁት። መብራት አጥፍቼ ኢርፎን ስሰካ የሚይዘኝ የማየው ሳይሆን የምሰማው ነው።

ጨዋታው ላይ ጋሬት የሚባል ሌባ ነኝ። ሰይፍ አለኝ፤ ግን ሁለት ዘበኛ ከመጣብኝ አለቀልኝ። ስለዚህ ጥላ ለጥላ እሄዳለሁ። ስክሪኑ ግርጌ አንዲት ዕንቁ አለች። ብርሃን ውስጥ ስገባ ትበራለች፣ ጨለማ ስይዝ ትጠቁራለች። ችቦ ካስቸገረኝ ውሃ ያዘለ ፍላጻ ወርውሬ አጠፋዋለሁ። የኤሌክትሪኩ መብራት ግን በውሃ አይጠፋም፤ እዚያ ጋ ሌላ መላ መፈለግ ነው።

ከሁሉም የወደድኩት ወለሉን ነው። ምንጣፍ ላይ ስሄድ ኮቴዬ አይሰማም። ድንጋይ ላይ ይሰማል። ብረት ከረገጥኩማ የሩቁም ዘበኛ ዞር ይላል። ይሄን ሳይ ቤታችን ትዝ አለኝ። ወለላችን ጣውላ ነው፣ ከጣሊያን ጊዜ የቀረ። ልጅ ሆኜ ሌሊት ከቁም ሳጥን ስኳር ልወስድ ስነሳ የትኛው ጣውላ እንደሚጮህ በቃሌ አውቅ ነበር። መሃሉን መርገጥ የለም። ግድግዳውን ታክኮ፣ ሚስማሩ የተመታበትን እየመረጡ ነው። እንደዚያም ሆኖ እማዬ ከውስጥ «ማነው?» ትላለች። ያን ጊዜ ልቤ እንዴት ይመታ ነበር! ብዙ ጌም ተጫውቻለሁ፤ ያንን ስሜት የመለሰልኝ ይሄ ብቻ ነው።

ዘበኞቹም ዝም ብለው አይቆሙም። ያፏጫሉ፣ ያጉረመርማሉ፣ ያወራሉ። የመጀመሪያው ተልእኮ የአንድ ባለጸጋ ቤት መግባት ነው። ደጁ ላይ ስደርስ ሁለት ዘበኞች ስለ ድብ ፍልሚያ እያወሩ ነበር። ጥግ ይዤ እስኪጨርሱ ሰማኋቸው። ለስርቆቱ ምንም አይጠቅመኝም። ግን ሥራ የሰለቸው ሰው ወሬ ነበር፤ ሰው ሆነው ታዩኝ። ከዚያ በኋላ መግደል አስጠላኝ። ጌሙም ይሄ የገባው ይመስለኛል። ከሁሉም ከባዱን ደረጃ የመረጠ ተጫዋች ሰው መግደል አይፈቀድለትም። ብዙ ጌሞች ከባድ ሲሆኑ ጠላቱን ያጠነክሩታል። ይሄኛው ጉዳዩ ከጠላቱ ጉልበት ጋር ሳይሆን ከጥንቃቄዬ ጋር ነው፤ የበለጠ እንድጠነቀቅ ይጠይቀኛል።

የሚያናድደኝ፣ ይሄን የመሰለ ነገር ሠርተው መሃል ላይ መተዋቸው ነው። ገና ሦስተኛው ተልእኮ ላይ መቃብር ዋሻ ውስጥ ያስገቡናል። ዞምቢ በዞምቢ፣ ተነስቶ የሚሄድ ሙት ማለት ነው። በሰይፍ ቢመቱት ወድቆ ይነሳል፤ የተባረከ ውሃ ወይም እሳት ይፈልጋል። መሸሽና መሮጥ ብቻ። የሚያስፈራ ነገር የለውም አልልም፣ ያስፈራል። ግን ሙት ወሬ የለውም። ተጠግቶ የሚሰማ ነገር ከሌለ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ? መተላለፊያውም ይጠላለፋል። ሁለት ማታ ሙሉ እዚያው ስዞር አመሸሁ።

ደግሞ ዘበኞቹ ቶሎ ይረሳሉ። ችቦውን አጠፋለሁ፣ መንገዱ ድንገት ይጨልማል፣ እሱ በዚያው ያልፋል። ከቤታችን አንድ አምፖል ቢቃጠል እኮ እማዬ ከመንገድ ታየዋለች።

ወንድሜ ትናንት አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ጥግ ላይ ቆሜ የዘበኛውን ኮቴ ስቆጥር አይቶ «አንቺ፣ መቼ ነው የምትንቀሳቀሺው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን ይዞ ወጣ። አልፈርድበትም። ይሄ ጌም ለቸኮለ ሰው አልተሠራም።

አንድ ተልእኮ ላይ ግን ቢቆይ ደስ ይለኝ ነበር። ኮንስታንቲን ከሚባል ሰው ቤት ሰይፍ መስረቅ ነው። ከውጭ ደህና ቤት ይመስላል። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ኮሪደሩ ይጣመማል፣ የተገለበጠ ክፍል ይገጥመኛል። ካርታው ላይ ያለው ጥቂት ነገር ነው፤ የቀረውን በራሴ ነው የማገኘው። እንዲህ የሚያስብ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2000 መዘጋቱ ያሳዝነኛል።

አንድ የማልወደው የራሴ ልማድ አለ። በየጥጉ ሴቭ አደርጋለሁ፤ የደረስኩበትን አስቀምጣለሁ። ተያዝኩ? ካስቀመጥኩበት መልሼ እከፍታለሁ። ጌሙ ይፈቅዳል፣ እኔም እጄን አልሰበስብም። ፍርሃቱ የሚሞተው እዚያ ላይ ነው። እማዬ «ማነው?» ስትል መመለሻ አልነበረኝም።

አሁን ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ዝናቡ አባርቷል፤ ጣሪያው ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ ብቻ ቀርቷል። ላፕቶፑ ግማሽ ባትሪ አለው። የኮንስታንቲንን ቤት ከደጁ ጀምሬ፣ አንዴም ሴቭ ሳላደርግ ልገባ ነው። ኢርፎኑን ሰክቻለሁ። በግራ በኩል የአንድ ሰው ኮቴ ይሰማኛል፤ ድንጋይ ላይ ነው የሚሄደው።