«0 ሮው» ሲመጣ ሮው የለም ማለት አይደለም

ዳታቤዝ ውስጥ ያለ ሮው (የሠንጠረዥ አንድ መስመር) አፕዴት ካደረጋችሁ በኋላ፣ እንደ ላራቬልና ጃንጎ ያለው ፍሬምወርክ «ይህን ያህል ሮው ተነካ» ብሎ የሚመልስላችሁን ቁጥር ከማመናችሁ በፊት ምን እየቆጠረ እንደሆነ እዩ። «0 ከመጣ 404 (አልተገኘም) መልስ» የሚል ኮድ ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ላይ አለችግር ሲሠራ ከርሞ ሌላው ዳታቤዝ፣ ማይኤስኪውኤል ላይ ጉድ ያፈላል።

በዓይን ለማየት ተርሚናል ክፈቱና መታወቂያው 7 የሆነውን ተጠቃሚ ስም በዚያው በነበረው ስም አፕዴት አድርጉ። ማይኤስኪውኤል የተነካ 0፣ የተገኘ 1፣ የተቀየረ 0 ብሎ ይመልሳል። ሮውው አለ፤ አዲሱ ስም ከድሮው ስላልተለየ ነው ያልተቆጠረው። ፖስትግሬስና ኤስኪውኤላይት በዚሁ ሙከራ 1 ይላሉ፤ ዌር (የትኛው ሮው እንደሚነካ የሚወስነው የትእዛዙ ክፍል) ላይ ያለውን ሁኔታ ያሟላውን ሁሉ ይቆጥራሉና።

ጃንጎና ሬይልስ ከማይኤስኪውኤል ጋር ሲገናኙ ፋውንድ ሮውስ የሚባለውን ፍላግ (ከተቀየረው ይልቅ የተገኘው እንዲቆጠር የሚያደርገውን ቅንብር) ራሳቸው ስለሚያበሩት ልዩነቱ አይታይም። ላራቬል አያበራም። ማብራት ከፈለጋችሁ ኮንፊግ ውስጥ በግንኙነቱ ኦፕሽንስ ሥር የፒዲኦን (ፒኤችፒ ከዳታቤዝ ጋር የሚገናኝበትን መሣሪያ) የፋውንድ ሮውስ አማራጭ ትሩ አድርጉት። ዋጋ ግን ያስከፍላል፦ «ካለ አፕዴት፣ ከሌለ ኢንሰርት» የሚለው ኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚላክ ትእዛዝ) ያለ ፍላጉ ለአዲስ ሮው 1፣ ለተቀየረ 2፣ ላልተቀየረ 0 ይመልሳል። ፍላጉ ሲበራ 0 የነበረው 1 ይሆንና አዲሱን ካልተቀየረው መለየት አይቻልም።

ላራቬል ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። በኤሎኩዌንት (ላራቬል ከዳታቤዝ ጋር በሚሠራበት መሣሪያ) ኩዌሪ የሚሄድ አፕዴት የማሻሻያ ሰዓቱን አብሮ ስለሚጽፍ ስሙ ባይቀየርም 1 ይመጣል። ሰዓቱ እስከ ሰከንድ ብቻ ከተያዘ ግን፣ ያው ፎርም በአንድ ሰከንድ ውስጥ ሁለቴ ሲላክ ሁለተኛው 0 ይሆናል። ቴስት ላይ አንዴ እየታየ አንዴ የሚጠፋ ባግ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ። ሞዴል ኦብጀክት (ኮዱ ውስጥ አንድን ሮው የሚወክለው) ላይ የሚጠራው አፕዴት ደግሞ ቁጥር ሳይሆን ትሩ ወይም ፎልስ ነው የሚመልሰው። የተቀየረ ነገር ከሌለ ኩዌሪ እንኳ ሳይልክ ትሩ ይላል።

ቁጥሩ በሁሉም ዳታቤዝ የሚታመነው አፕዴቱ ራሱ የግድ የሆነ ነገር ሲቀይር ነው። ለምሳሌ ሮውው በተቀየረ ቁጥር የሚጨምር የቨርዥን ቁጥር ይዛችሁ «ቨርዥን 3 ከሆነ 4 አድርገው» ብላችሁ 0 ከመጣ፣ ወይ ሌላ ሰው ቀድሟችኋል ወይ ሮውው ተሰርዟል። ለ404 ግን ሮውው መኖሩን በሴሌክት (በማንበቢያው ትእዛዝ) ማረጋገጥ ይሻላል፤ በመሀል እንዳይሰረዝ ከፈለጋችሁ ሴሌክቱንና አፕዴቱን አንድ ትራንዛክሽን (ትእዛዞቹ በአንድነት የሚፈጸሙበት ወይም በአንድነት የሚቀሩበት) ውስጥ አድርጉና ሮውውን ቆልፉት።