ከፊት ጎማ ሥር ያለችው ርቀት

እ.ኤ.አ. በ1977 የተሠራ ያማሃ ኤክስኤስ 650 ሞተር ሳይክል ገዝቼ ወደ ቾፐር፣ ማለትም ሻሲው ተቆርጦ ፊቱ ወደ ረዘመ ሞተር ሳይክል፣ ለመቀየር እዚህ ሎስ አንጀለስ በተከራየሁት ጋራዥ ውስጥ አሥራ አራት ወር ሠርቻለሁ። ከዚህ ውስጥ አራቱን ወር የበላችብኝ ከፊት ጎማው ሥር ያለች፣ በዓይን የማትታይ የጥቂት ሴንቲ ሜትር ርቀት ናት። ይህን ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ሰው መጋዙን ከማንሳቱ በፊት እንዲያውቃት ስለምፈልግ የደረሰብኝን በዝርዝር እጽፋለሁ።

ቾፐር የሚለው ስያሜ «መቁረጥ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካ ወጣቶች ከባዶቹን ሃርሊ ዴቪድሰኖች ለማቅለል ፓራፋንጎውን ያሳጥሩ፣ ለመንዳት የማያስፈልገውንም ሁሉ እየፈቱ ያወጡ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ሻሲውን ራሱን ወደ መቁረጥና የፊት ሹካውን (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለት ቱቦዎች) ወደ ማስረዘም ተሸጋገሩ። ይህን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ሳልጠቅሳቸው የማላልፋቸው ሁለት ጥቁር አሜሪካውያን አሉ። ቾፐርን ለዓለም ያስተዋወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ለእይታ የበቃው «ኢዚ ራይደር» የተሰኘ ፊልም ላይ የሚታዩት ሞተሮች የክሊፍ ቮግስና በደቡብ ሎስ አንጀለስ ጋራዥ የነበረው የቤን ሃርዲ የእጅ ሥራ ናቸው። መነሻቸው ከፖሊስ አገልግሎት ወጥተው በጨረታ የተሸጡ አሮጌ ሃርሊዎች ነበሩ። ፊልሙ የሁለቱንም ስም አልጠቀሰም፤ ለብዙ ዓመታትም ሞተሮቹን ያደነቀ እንጂ ሠሪዎቹን ያወቀ ሰው ጥቂት ነበር። በዚያው ከተማ በዚያው ሙያ እጄን ለማፍታታት የምሞክር ሰው በመሆኔ ይህ ነገር ከልብ ያሳዝነኛል።

እኔ ያማሃን የመረጥኩት የድሮ ሃርሊ ዋጋ ከአቅሜ በላይ ስለሆነ ነው፤ ነገር ግን ከሠራሁበት በኋላ በሌላ አልለውጠውም። 653 ሲሲ የሆነው ሞተሩ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች ሲኖሩት ሁለቱ ፒስተኖች እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። በዚህም ምክንያት ንዝረቱ ኃይለኛ ነው፤ ብሎን በደንብ ካልታሰረ ይፈታል። በአንጻሩ በእግር ተረግጦ ስለሚነሳ የኤሌክትሪክ ማስነሻውን ከነክብደቱ ማውጣት ይቻላል፤ መለዋወጫውም እስከ ዛሬ አልጠፋም።

መጀመሪያ የተቆረጠው የሻሲው የኋላ ክፍል ነው። አሞርዛተሮቹ ወጥተው በቦታቸው ቀጥ ያለ፣ የማይታጠፍ የብረት ቱቦ ገባ። ብየዳውን የሠሩልኝ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአውሮፕላን ፋብሪካ በበያጅነት ያገለገሉ ጡረተኛ ጎረቤቴ ናቸው። ቱቦ ከቱቦ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ መበየድን አጥብቀው ይቃወሙ ነበር። በሁለቱ ቱቦዎች ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ወፍራም ብረት ካስገቡ በኋላ የውጪውን ቱቦ በሁለት በሁለት ቦታ በስተው፣ ቀዳዳዎቹን በብየዳ ሞልተው ከውስጡ ብረት ጋር አንድ አደረጓቸው፤ መገጣጠሚያውን ዙሪያውን የበየዱት ከዚያ በኋላ ነው። «ስንጥቅ የሚጀምረው ሰው ከማያየው ቦታ ነው» ይሉኝ ነበር፤ ብረቱን ከመበየዳቸው በፊትም ብር እስኪመስል ድረስ ያጸዱታል።

ስህተቱን የሠራሁት ግን እኔ ነኝ፤ የሠራሁትም ከፊት ነው። የሹካውን ቱቦዎች በ15 ሴንቲ ሜትር በሚረዝሙ ቱቦዎች ተካሁ፤ ባለ 19 ኢንች የነበረውንም ጎማ ባለ 21 አደረግሁት። ከጎን ሲያዩት እጅግ ያምር ነበር። ከጋራዡ ጀርባ ባለው የመኪና ማቆሚያ በዝግታ ልዞር መሪውን ትንሽ ባዘነብለው፣ የፊት ጎማው ከእጄ አምልጦ ወደ ውስጥ ተጠቀለለና ከነሞተሩ ወደቅሁ።

ምክንያቱን ለመረዳት ሹካው የሚዞርበት የሻሲው አንገት ወደ መሬት እንደተዘረጋ መስመር አድርጎ ማሰብ ያስፈልጋል። ይህ መስመር መሬት የሚነካው ጎማው መሬት ከሚነካበት ነጥብ ቀደም ብሎ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ትሬል ይባላል። የሱፐርማርኬት ጋሪ ትንንሽ ጎማዎች ሲገፉ ራሳቸውን እንደሚያቀኑ ሁሉ፣ የሞተር ጎማም ቀጥ ብሎ የሚሄደው በዚህ ርቀት ምክንያት ነው። ርቀቱ ሲያንስ መሪው በፍጥነት ላይ ይርገበገባል፤ ሲበዛ ደግሞ በዝግታ ጊዜ ይከብድና ወደ ጎን ይወድቃል።

ስለዚህ ለካሁ። ሞተሩን ለጥ ባለ ወለል ላይ አቁሜ፣ የጎማዎቹን አየር ሞልቼ፣ ክብደቴን የሚያህል ሰው አስቀመጥኩበት። ከፊት ጎማው አክሰል ላይ ቱምቢ አውርጄ ወለሉን በጠመኔ ምልክት አደረግሁበት። ከአንገቱ ጋር ትይዩ አድርጌ ባሰርኩት ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ አቅጣጫ ደግሞ ክር ወጥሬ ሁለተኛውን ምልክት አደረግሁ። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ሳልነካው በፊት 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ የነበረው ርቀት 15 ሴንቲ ሜትር ተኩል ሆኖ አገኘሁት፤ የፊቱ ከፍ በማለቱ 27 ዲግሪ የነበረው የአንገቱ ዝንባሌም ወደ 33 ደርሷል።

መፍትሔው ሹካውን ከአንገቱ ጋር የሚያያይዙትን የላይና የታች መያዣዎች መለወጥ ነበር። ሹካውን ከአንገቱ ዝንባሌ በተጨማሪ በ3 ዲግሪ ወደ ፊት የሚያዘነብሉ መያዣዎች ገጠምኩ፤ ርቀቱም ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ወረደ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሹካውን ወደ ፊት የሚያዘነብል ነገር ሁሉ ትሬልን የሚጨምር ይመስላል፤ አንገቱን ማዘንበል በእርግጥ ይጨምረዋል፣ መያዣውን ማዘንበል ግን ይቀንሰዋል። በፋብሪካ አንገትና በአጭር ሹካ ላይ ለመልኩ ሲባል ባለ 7 ዲግሪ መያዣ የሚገጥም ሰው ርቀቱን ወደ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ያወርደዋል፤ በአውራ ጎዳና ላይ ይህ ሕይወትን የሚያሳጣ ነው። ሻጮች ይህን በትልቁ ጽፈው ሊለጥፉ ይገባል እላለሁ።

የተቀረው ሥራ በአንጻሩ ቀላል ነበር። ትንሽ የቤንዚን ታንክ ተገጠመ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ እንደ አዲስ ተዘረጋ፤ መሪውንም የካሊፎርኒያ ሕግ በሚፈቅደው መሠረት የእጅ መያዣው ከትከሻዬ ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሆን አድርጌ መረጥኩ።

በዚያው የመኪና ማቆሚያ፣ በሰው እርምጃ ፍጥነት፣ ግራና ቀኝ ስምንት ቁጥር እየሠራሁ ዞርኩ፤ መሪው ከእጄ አላመለጠም። በሚቀጥለው እሑድ በሰዓት 55 ማይል ነዳሁት፤ አልተርገበገበም። 300 ማይል ከሄድኩ በኋላ ከጎረቤቴ ጋር ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በባትሪ መብራት መረመርን፤ ስንጥቅ አላገኘንም። አንድ የሞተር ማሰሪያ ብሎን ብቻ በንዝረቱ ላልቶ ስለነበር በአዲስ ቀይረን አጠበቅነው።