የፍቺ ቀለብ በቨርጂኒያ፦ ቁጥሩ ከየት ይመጣል?

አሌክሳንድሪያ ውስጥ ታክስ እሠራለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ አስቀድሜ ልናገር። ግን ሰው ሲፋታ የድሮ የታክስ ወረቀቱን ፍለጋ እኔ ጋ ይመጣል። ያኔ ጉድ ይፈላል።

ባለፈው መጋቢት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር የባንክ ሂሳቡን ስልኩ ላይ ከፍቶ አሳየኝ። «እህቴ፣ እጄ ላይ የሚገባው 4,500 ነው። የሚያሰሉብኝ ግን በ6,000 ነው። ይሄ ፍርድ ነው?»

ፍርድ ነው። ሕጉ የሚያየው ታክስና ኢንሹራንስ ሳይቆረጥ ያለውን ደመወዝ ነው። ባል ለሚስት ወይም ሚስት ለባል የምትከፍለው ቀለብ ሲሰላ፣ የጋራ ትንንሽ ልጆች ካሉ የከፋዩ ገቢ 26 በመቶ ይያዝና የተቀባዩ ገቢ 58 በመቶ ይቀነስበታል። ሚስቱ ሆቴል እየሠራች 2,000 ታገኛለች። ከ1,560 ላይ 1,160 ሲነሳ በወር 400 ዶላር ይቀራል። ልጅ ባይኖራቸው በ27 እና በ50 በመቶ ይሰላና 620 ይሆን ነበር። ልጅ ያላት ለምን ያንሳታል? የልጆቹ ቀለብ ለብቻው ስለሚሰላ ነው።

ይህ ቀመር ግን የሁለቱ ገቢ ተደምሮ በወር ከ10,000 ዶላር ለማይበልጥ ነው፤ እሱም ክርክሩ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ። መጨረሻው ላይ ቀመር የለም። ዳኛው በሕግ የተዘረዘሩ 13 ነጥቦችን ይመዝናል፦ የትዳሩን ዕድሜ፣ ጤናን፣ የለመዱትን ኑሮ፣ ሌላም ሌላም። እኔ የምወደው አንዱ ለሌላው ትምህርት ያዋጣው መቆጠሩን ነው። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራች ባሏን ነርሲንግ ያስተማረች ስንት አለች! የኮሌጁ ክፍያ ከማን ሂሳብ እንደወጣ የሚያሳይ ወረቀት ካላት ደግሞ ማንም አፏን አያሲዛትም።

ኡበር የሚነዱት ነገር ለብቻው ነው። ለታክስ ሲሆን ገቢያቸው ይሟሽሻል፣ ቤት ሊገዙ ሲሉ ይፋፋል። የሚስት ጠበቃ የባንኩን የብድር ማመልከቻ ካስቀረበ ግን ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በእልህ ሥራ የሚለቀውም አያመልጥም። ዳኛው «መሥራት ትችል ነበር» ብሎ በድሮው ደመወዙ ሊያሰላበት ይችላል።

ወደ እኔ ሙያ ስንመጣ፣ ከ2019 ወዲህ በተፈረሙ ፍቺዎች ከፋዩ ይህን ገንዘብ ከፌዴራል ታክሱ አይቀንስም፣ ተቀባይዋም ገቢ ብላ አታስገባም። አሁንም የሚያስገቡ አሉ። (ሁለቱንም ተፋቺ ደንበኛ ማድረግ ትቻለሁ። አንዳቸውን ሌላ ሰው ጋ እልካለሁ።)

የሚያናድደኝ የሽማግሌዎቹ ነገር ነው። ማስታረቃቸውን አከብራለሁ። ግን «ምንም አልፈልግም፣ ብቻ ይልቀቀኝ» ያለችን ሴት እዚያው ወረቀት አዘጋጅተው ማስፈረም ምን ይሉታል? በጽሑፍ መብቷን ከተወች በኋላ በሩን መልሶ ማስከፈት በጣም ከባድ ነው። ዛሬ ባትፈልግ እንኳ «ወደፊት የመጠየቅ መብቴ ይጠበቅልኝ» ማለት ትችላለች። አብዛኛውን ጊዜ ያ መብት ከጋብቻው እስከ መለያየቱ ካለው ጊዜ ግማሽ ያህል ይቆያል።

ሜሪላንድ ያላችሁ በዚህ ስሌት አትከራከሩ። እዚያ በሕግ የተቀመጠ ቀመር የለም።

ከአገር ቤት ሚስት ያመጣችሁ ደግሞ ሌላ ዕዳ አለባችሁ። ለግሪን ካርዷ ስፖንሰር ሆናችሁ የፈረማችሁት ወረቀት በፍቺ አይቀደድም። ገቢዋ ከድህነት ወለሉ 125 በመቶ በታች ከወረደ ጉድለቱን እንድትሞሉ ልትከሳችሁ ትችላለች። የሚያበቃው ዜግነት ስታገኝ፣ ወይም 10 ዓመት ገደማ የሥራ ጊዜ ሲቆጠርላት፣ ወይም ነዋሪነቷን ትታ ከአገር ስትወጣ፣ ወይም ከሁለት አንዳችሁ ስትሞቱ ነው። ይህን ለአንዱ ብነግረው ትንሽ አሰበና «የዜግነት ማመልከቻዋን እኔ ብከፍልላትስ?» አለኝ።