«በወፍ ነው ያረፉት»

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የቤተሰብ የሕመም ታሪክ ሲጠየቅ አንድ መልስ ደጋግሞ መጣ፦ «አባባ በወፍ ነው ያረፉት።» የወፍ በሽታ ግን ምልክት እንጂ መንስኤ አይደለም። የጉበት ሕመምም፣ የሐሞት ጠጠርም፣ የቆሽት ካንሰርም ዓይንን ቢጫ ያደርጋሉ። ስለዚህ ታላላቆቻችሁን በደንብ ጠይቁ። ስንት ዓመታቸው ነበር? ሽንታቸው ጠቁሮ ሰገራቸው ነጥቶ ነበር? ገላቸውን ያሳክካቸው ነበር? ከዚያ በፊት ድንገት ስኳር ተገኝቶባቸው፣ ከስተው ነበር? እነዚህ የቆሽት ካንሰርን ሊጠቁሙ ይችላሉ።

ከ10 የቆሽት ካንሰር ታማሚዎች 1 ያህሉ ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። የእናት ወገን ብቻ አትቁጠሩ፤ ቢአርሲኤ2 የተባለው ዘረመል ጉድለት ከአባትም ይወረሳል፣ ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉም 50 በመቶ ነው። ይኸው ጉድለት ለጡት ካንሰርም ስለሚያጋልጥ የአክስት የጡት ካንሰርም እዚሁ ይገባል፤ ብዙ ሰው ከቆሽት ጋር አያያይዘውም።

2 የቅርብ የሥጋ ዘመድ በቆሽት ካንሰር የታመመበት ሰው የቆሽት ክትትሉን በ50 ዓመቱ፣ ወይም ከዘመዶቹ በትንሹ ዕድሜ የታመመው ከታመመበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ይጀምር፤ በየዓመቱ፣ በኤምአርአይ ወይም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) በሚገባ አልትራሳውንድ። ሆድ ላይ የሚታየው ተራ አልትራሳውንድ «ምንም የለም» ቢል ብቻውን አይበቃም፤ ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ስለሆነ የአንጀት አየር ይሸፍነዋል። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ያቁም፤ አደጋውን እጥፍ ገደማ ያደርገዋል።