ዘግይቶ ለሚደርስ ሁሉ

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሳችሁ!

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ዶሮው ቀርቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ ቤተሰቡ የበዓሉን ፕሮግራም ለማየት ሲሰበሰብ፣ ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ባዶ ወደሚመስል የሰማይ ጥግ አፍጦ ሥራውን ይሠራል። ሳተላይቱ ያለበትን ያንን ከፍታ ለዓለም መገናኛ እንዲሆን አስልቶ ያቀረበው አንድ የልብ ወለድ ደራሲ ነው። የዘንድሮ የገና ምስጋናዬ ለእሱና እሱን ላሳደጉት ሰዎች ነው።

አርተር ሲ. ክላርክ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 7 ቀን 1910 ዓ.ም. ማይንሄድ በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። (ከዚህ ወዲያ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የፖስታ ቤት መሐንዲስ ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ ኖራም ከማግባታቸው በፊት በቴሌግራፍ ሠርተዋል። የሰው መልእክት ከሩቅ ማድረስ የዚያ ቤት እንጀራ ነበር። አባት በ1931 ሲሞቱ አርተር ገና 13 ዓመቱ ነው፣ የአራት ልጆች የበኩር። ልጆቹን እናት እርሻ እያረሱ አሳደጓቸው።

ስለዚህ መጀመሪያ የማመሰግነው አባቱን ነው። አንድ ቀን ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ የወጣች፣ የዳይኖሰር ሥዕል ያለባት ካርድ ለልጃቸው ሰጡት። ልጁ ከዚያች ካርድ ወደ ቅሪተ አካል፣ ከቅሪተ አካል ወደ ከዋክብት ሄደ፤ ቴሌስኮፑን ራሱ ሠርቶ የጨረቃን ካርታ እስከ መሳል ደረሰ። ቀጥሎ የማይንሄድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። የኦላፍ ስቴፕልደንን “የመጨረሻዎቹና የመጀመሪያዎቹ ሰዎች” ከዚያ ነው ያገኘው፤ የሰውን ዘር የሁለት ቢሊዮን ዓመት ታሪክ በአሥራ ስምንት የሰው ዓይነቶች የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። በአንድ ጊዜ መቶ ሺህ ዓመት ወደ ፊት ማየት ክላርክ የተማረው ከዚያ ነው ብዬ አምናለሁ። ክላርክን ከቀረጹት ደራሲዎች ኤች. ጂ. ዌልስን ሁሉም ያነሳል፤ ከደራሲው ሎርድ ደንሴኒ ጋርም ለዓመታት ደብዳቤ ተጻጽፏል። የስቴፕልደንን ያህል ግን አጥንቱ ውስጥ የገባ የለም።

ሦስተኛዋ አክስቱ ኔሊ ናቸው። ልጁ በመጽሐፍ መደብር መስኮት ውስጥ የዴቪድ ላሰርን “ጠፈርን ማሸነፍ” አይቶ ሲጓጓ ገዝተው ሰጡት። ይኼኛው ልብ ወለድ አይደለም፤ ሮኬት እንዴት ከምድር እንደሚላቀቅ የሚያስረዳ መጽሐፍ ነው። ልጁ እስከዚያ ቀን የጠፈርን ጉዞ በተረት ያውቀው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የምህንድስና ጉዳይ ሆነበት። በዚህ በዓል ለወንድም ልጅ ወይም ለእህት ልጅ ልብስ ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ ለገዛችሁ አክስቶችና አጎቶች ሁሉ፣ እግዜር ይስጥልን።

ክላርክ በ1936 ለንደን ገብቶ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጡረታ ሒሳብ መረመረ፤ ማታ ማታ ከብሪታንያ ኢንተርፕላኔተሪ ሶሳይቲ አባላት ጋር ስለ ጨረቃ ጉዞ ያሰላ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አየር ኃይል ገባ፤ ሥራውም አብራሪው በጭጋግ ምንም ሳያይ በራዳርና በሬዲዮ እየተመራ እንዲያርፍ የሚያደርገው መሣሪያ ላይ ሆነ። የሬዲዮ ሞገድ ምን እንደሚችል በእጁ የነካው እዚያ ነው። በጥቅምት 1945 “ዋየርለስ ወርልድ” በተባለ መጽሔት ላይ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ከበረረ፣ ምድርን ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ ምድር በራሷ ዛቢያ ለመዞር ከሚፈጅባት ጋር ይገጥማል። ከታች ለሚያይ ሰው ቆሞ የቀረ ይመስላል። እንዲህ ያሉ ሦስት፣ በመካከላቸው 120 ዲግሪ እየተተወ፣ የዓለምን አብዛኛውን ክፍል ያዳርሳሉ። በዚያ ከፍታ ጣቢያ ማቆም እንደሚቻል ኸርማን ፖቶችኒክ በ1928 ጽፎ ነበር፤ ቦታውን ለዓለም አቀፍ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሥርጭት ያሰላው ግን ክላርክ ነው። ለጽሑፉ የተከፈለው 15 ፓውንድ ሲሆን የፈጠራ መብት አላስመዘገበም።

የሳተውም ነገር ነበር። በዘመኑ ሬዲዮ የሚሠራው በመስታወት ቫልቭ ነው፤ ቫልቭ ይቃጠላል፣ የተቃጠለው መቀየር አለበት። ስለዚህ ክላርክ ጣቢያዎቹ ውስጥ ሰዎች እንደሚኖሩ አሰበ። ትራንዚስተር ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ አላስፈለገም። በነሐሴ 1964 የመጠቀው ሲንኮም 3፣ የሐሮልድ ሮዘንና የባልደረቦቹ ሥራ፣ ክብደቱ 40 ኪሎ የማይሞላ፣ ማንም የሌለበት ሲሊንደር ነበር። ከሁለት ወር በኋላ የቶኪዮን ኦሊምፒክ ምስል ፓስፊክን አሻግሮ አሜሪካ አደረሰ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሊምፒክ ነው። ከጽሑፉ እስከ ሳተላይቱ 19 ዓመት አለፈ።

ዲሽ ካነሳን አይቀር፣ ዛሬ ምስሉ ለተቆራረጠባችሁ ጥቂት ልበል። ኢትዮሳት የሚሰራጭበት ሳተላይት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ቆሟል። ከአዲስ አበባ ሲታይ በኮምፓስ 115 ዲግሪ ግድም፣ ከምሥራቅ ወደ ደቡብ ጠጋ ብሎ፣ ከፍታው ደግሞ 66 ዲግሪ ነው። ዲሻችሁ ያን ያህል ሽቅብ ያየ ባይመስላችሁ አትደንግጡ፤ ክንዱ ከታች የሚወጣው የተለመደው ዲሽ ፊቱ ከሚያመለክተው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ አድርጎ ነው የሚቀበለው። ናይልሳት በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስለሆነ ያለው በሌላው ወገን፣ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ 36 ዲግሪ ላይ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ዲሽ ለማግኘት መታገል ከንቱ ልፋት ነው። የበጋው ነፋስ ብሎኑን ካላላው ደግሞ ያ ብቻ ይበቃል። በዚያ ርቀት የአንድ ዲግሪ ስህተት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፤ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ አንድ ዲግሪ ሲስት ሲግናሉ በግማሽ ያህል ይወርዳል።

ግማሹ ጣቢያ ገብቶ ግማሹ ከጠፋ ዲሹን አትንኩት፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ኤልኤንቢው ጋ፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው ሲግናል ተቀባይ ጋ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤልኤንቢው በማቀፊያው ውስጥ ከ60 ዲግሪ በላይ መዞር አለበት፤ ቀጥ ብሎ ከታሰረ ኤችና ቪ የሚባሉት፣ አግድምና ሽቅብ የሚርገበገቡት ሞገዶች ይደበላለቃሉ። በመስቀል ሰሞን ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ሁሉም ነገር ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ ደግሞ ማንንም አትጥሩ። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ እያለፈች ነው፤ በቀናት ውስጥ ይተዋል። በበዓል ዋዜማ ጣሪያ ለጣሪያ ሲዞሩ ላመሹት ዲሽ ሠሪዎች፣ በዓሉን ቤታችን ያስገባችሁልን እናንተ ናችሁና እናመሰግናለን።

ያ ርቀት በድምፅም ላይ ያስከፍላል። ድምፅ ሳተላይቱ ጋ ወጥቶ እስኪመለስ ሩብ ሰከንድ፣ መልሱ እስኪመጣ ሌላ ሩብ ሰከንድ ይሄዳል። በቀድሞው የውጭ አገር ስልክ ሁለቱም እኩል ጀምረው እኩል ዝም የሚሉት፣ ከዚያ ሁለቱም “ሃሎ! ሃሎ!” የሚሉት ለዚህ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ጥሪ በባሕር ሥር በተዘረጋ ኬብል ስለሚሄድ ክፍተቱ አጥሯል።

ክላርክን በገና እንዳነሳው የሚያደርጉኝ ሁለት አጫጭር ታሪኮቹም አሉ። የመጀመሪያውን በ1948 የገና ሰሞን ለቢቢሲ ውድድር ጻፈው፤ “ዘቡ” ይባላል። ጨረቃ ላይ ተራራ የወጣ ተመራማሪ፣ ሰው ከመኖሩ በፊት እዚያ የተተከለ ነገር ያገኛል። ታሪኩ ከአሸናፊዎቹ አልገባም። በ1951 መጽሔት ላይ ታተመ፤ ስታንሊ ኩብሪክ የፊልም ሐሳብ ፍለጋ ክላርክን ሲያገኘው ሁለቱ የተነሡት ከዚሁ ከወደቀው ታሪክ ነው። በ1968 “2001” የሚለው የጠፈር ፊልም ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛው “ኮከቡ” ነው። እሱንም የጻፈው የኦብዘርቨር ጋዜጣ 2500 ዓመተ ምሕረትን ርእስ አድርጎ ላወጣው ውድድር ነበር፤ እሱም አልተመረጠም። በ1955 ታትሞ በማግስቱ ዓመት የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት የሆነውን ሁጎን አገኘ። ተራኪው የከዋክብት ሊቅ የሆነ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ነው። መርከባቸው 3,000 የብርሃን ዓመት ርቃ ፀሐይዋ የፈነዳች ዓለም ፍርስራሽ ጋ ትደርሳለች። የዚያ ዓለም ሰዎች የሚመጣባቸውን አውቀው፣ መዝሙራቸውንና ሥዕላቸውን እጅግ ሩቅ በሆነችው ፕላኔታቸው ላይ ቀብረዋል። ካህኑ የፍንዳታው ብርሃን ምድር የደረሰበትን ዓመት ያሰላል፤ ለሰብአ ሰገል የታየው ኮከብ ሆኖ ያገኘዋል። በዛሬው ዕለት ለምናምን ሰዎች የሚከብድ ጥያቄ ነው፤ መልሱንም ክላርክ አልሰጠም። ራሱ አማኝ አልነበረም። ካህኑን ግን አልቀለደበትም፤ ሐዘኑን ሙሉ አድርጎ ሰጠው። እኔ ይህን ታሪክ የማከብረው ለዚህ ነው።

ዘንድሮ ለውድድር ልካችሁ ምላሽ ያላገኛችሁ የአማርኛ ጸሐፊዎች፣ እነዚህ ሁለት አንቀጾች ለእናንተ ናቸው። የጽሑፋችሁን ቅጂ ያዙ። ክላርክ ቅጂው ባይኖረው ኖሮ ሁለቱም ታሪኮች ከዳኞቹ ጠረጴዛ አይወጡም ነበር። ውድድር የምታዘጋጁም ያልመረጣችሁትን እባካችሁ አትጣሉ፤ “አልተመረጠም” ብላችሁ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ወደ ሌላ ይውሰደው።

ክላርክ በ1956 ወደ ሲሎን፣ ወደ ዛሬዋ ስሪ ላንካ፣ ሄዶ እስከ ሞቱ እዚያው ኖረ። የወሰደው የባሕር ፍቅር ነው፤ ውኃ ውስጥ ሰውነት ክብደቱን ሲያጣ ጠፈርን የሚመስል ነገር አገኘ። በ1975 ሕንድ በሳተላይት ለ2,400 ያህል መንደሮች ትምህርታዊ ቴሌቪዥን ስታሰራጭ፣ መሐንዲሶቿ ለክላርክም ኮሎምቦ ቤቱ ድረስ መጥተው ዲሽ ተከሉለት። ያሰበውን ነገር፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ከራሱ ጣሪያ ሥር ቁጭ ብሎ አየው።

ከዚያ ደስታ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐምሌ 4 ቀን 1977፣ ወዳጁ ሌዝሊ ኤካናያኬ በሞተር ሳይክል አደጋ ሞተ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ዘጠኝ ቀን ቀርቶት ነበር። በ1979 የወጣው “የገነት ምንጮች” መታሰቢያነቱ ለእሱ ነው። ምድርን ከዚያው ቆሞ ከሚመስለው ሳተላይት ጋር በገመድ ስለሚያገናኝ ማማ የሚተርክ ልብ ወለድ ነው። ያን መጽሐፍ ባነሳሁ ቁጥር የመታሰቢያው ገጽ ላይ እቆማለሁ። ስለ ቢሊዮን ዓመት የጻፈ ሰው እዚያ የአንድ ወጣት የልደትና የሞት ቀን አስፍሯል። ክላርክ በ2008 ሲሞት የተቀበረው እዚያው ኮሎምቦ፣ በኤካናያኬ ቤተሰብ የመቃብር ቦታ ነው።

በ2004 ደግሞ በፈረንጆቹ ገና ማግስት ሱናሚው ስሪ ላንካን መታ፤ ከ30,000 በላይ ሰው ሞተ። ሂካዱዋ ላይ የነበረው የክላርክ የመጥለቂያ ጣቢያም ወደመ። ያኔ 87 ዓመቱ ነው፤ የፖሊዮ መዘዝ በተሽከርካሪ ወንበር ካስቀመጠው ቆይቷል።

በታኅሣሥ 2007፣ 90ኛ ልደቱ ሲደርስ፣ ለወዳጆቹ የቪዲዮ መልእክት ቀዳ። ሦስት ምኞት ተናገረ፦ ከምድር ውጭ ሕይወት መኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ማየት፣ ዓለም ከነዳጅ ዘይት ጥገኝነት ወጥቶ ወደ ንጹሕ ኃይል መሻገሩን ማየት፣ ሃምሳ ዓመት ባስጠጋችው አገር ጦርነት ቆሞ ዘላቂ ሰላም መውረዱን ማየት። ሰላም በመመኘት ብቻ እንደማይመጣ፣ ልፋት፣ ድፍረትና ጽናት እንደሚፈልግ አከለበት። ከሦስት ወር በኋላ፣ መጋቢት 19 ቀን 2008፣ አረፈ። ጦርነቱ ያበቃው በግንቦት 2009 ነው፤ አሥራ አራት ወር ዘግይቶበታል። ያበቃውም በብዙ ሺህ ሲቪሎች ደም ነው፤ እሱ የተመኘው እንደዚያ አልነበረም።

ዘንድሮ የእኔ ምኞት ከሦስተኛው አይዘልም። ሽማግሌ በሕይወቱ የሚያየው ሰላም፣ በንግግር የሚመጣ፣ ልጆች የማያልቁበት። ቤታችሁ ዛሬ የጎደለ ሰው ያለ፣ የወንበሩን ባዶነት የምታዩ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ቤሩት፣ ሪያድና ዱባይ በሰው ቤት ሥራ ላይ ሆናችሁ በዓሉን በስልክ መስኮት የምታዩ እህቶቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ስልክ የምትጠብቁ እናቶች፣ ድምፁ ቢቆራረጥም እባካችሁ ቶሎ አትዝጉት፤ በወዲያኛው ጫፍ እየተናገረች ይሆናል።

መልካም ገና!