የእማዬ ጉልበትና ያ ዲክሎፌናክ

እናቴ ለደም ግፊቷ ኢናላፕሪልና የሚያሸና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ መውሰድ ከጀመረች ቆይታለች። በዐቢይ ጾም መሀል ጉልበቷ ብሶባት ስግደት አቃታት። መድኃኒት ቤት ሄጄ ባለ 50 ሚሊግራም ዲክሎፌናክ፣ ሃያ ፍሬ ገዛሁላት። ሻጩ «ምግብ በልታ ትውሰድ» አለኝ። ሌላ የምትወስደው አለ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም።

ከቅዳሴ መልስ ስትበላ አንድ፣ ስትተኛ አንድ። በሁለት ቀን ተሻላት። ሃያው ሲያልቅ ሌላ ሃያ ጨመርኩ።

ከዚያ የክትትል ቀኗ ደረሰ። ሁሌ 130 በ80 አካባቢ የነበረው ግፊቷ 170 በ100 ሆኖ ተገኘ።

«እማማ፣ መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» አላት ሐኪሙ።

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም ልጄ።»

«ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

እማዬ አልዋሸችም። ለእሷ መድኃኒት ማለት የግፊቱ ነው፤ የጉልበቱ ማስታገሻ ነው። እኔ አጠገቧ ተቀምጬአለሁ። ዲክሎፌናኩ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ለእኔም መድኃኒት አልመሰለኝምና ዝም አልኩ። ሐኪሙ ኢናላፕሪሉን እጥፍ አድርጎ ጻፈልን። «ለሕመም የሚወስዱት ነገርስ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ቢጨምር ምን ነበረበት? እስካሁን ያናድደኛል። በራሴ ደግሞ ይብስብኛል።

ግፊቷን ከፍ ያደረገው ያው ዲክሎፌናክ ነበር። በዚያ ላይ ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ሥር ያጠባል። ኢናላፕሪል የሚያስወጣውን ያሰፋል። የሚያሸናው ደግሞ የሰውነትን ውሃ ይቀንሳል። ሦስቱ ሲገናኙ ማጣሪያው የሚሠራበት ግፊት ያጣል። እማዬ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አትቀምስም ነበር።

በሳምንቱ እግሯ አበጠ። ቁርጭምጭሚቷን በጣቴ ጫን ሳደርገው የሠራው ጉድጓድ ቶሎ አልሞላም። ሽንቷ አነሰ፣ ያስመልሳት ጀመር። ኩላሊት ሲደክም በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬያቲኒኗ ዓምና 0.9 ነበር፤ አሁን 3.4 ወጣ። አምስት ቀን ተኛች። ዲክሎፌናኩ ቆመ፤ የግፊቶቹንም ሐኪሞቹ ለጊዜው አቋረጧቸው። ክሬያቲኒኗ ቀስ እያለ ወረደ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አሁን ለክትትል ስንሄድ በቤት ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዤ ጠረጴዛው ላይ እዘረግፈዋለሁ። ቅባቱንም፣ ክሊኒክ የተወጋችውን መርፌም እናገራለሁ። ቮልታረንም ካታፍላምም ውስጣቸው ያው ዲክሎፌናክ ነው፤ በስም አትታለሉ። አይቡፕሮፌንም የዚያው ወገን ነው። «ምግብ በልታ» የሚለው ምክር ለኩላሊት ምንም አይፈይድም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ የእነዚህ ማስታገሻዎች አደጋ መድማት ነው። የግፊቱን መድኃኒት ግን በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ለጉልበቷ አሁን በሐኪም ምክር ፓራሲታሞል ትወስዳለች።

ባለፈው ወር ጎረቤታችን «ለኔ ወገብ ፍቱን ነው» ብለው ሁለት ፍሬ ዲክሎፌናክ ይዘውላት መጡ። እማዬ ፍሬዎቹን በመዳፏ እንደያዘች ቀና ብላ አየቻቸው። «አንቺስ የግፊት ትወስጃለሽ እንዴ?»